ለከድሩ ጢም የተላከ ቀለም

ዱብቲ፣ ኅዳር 4 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ኡምሰልማ
አዋሽ ሰባት ኪሎ

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ በረሃውን ዞሮ፣ ደጋውን ወጥቶ፣ በባቡር ወርዶ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ታናሽ ወንድምሽ ከድሩ፣ ከናፍቆትሽ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ያው ነው። ኅዳር ገብቶም አንሶላ አያስለብስም።

የጥጥ ለቀማው ተጀምሯል። ከየደጋው የወረደው ለቃሚ ጆንያውን እየተሸከመ ሚዛኔ ፊት ተሰልፎ ይውላል። እኔ እመዝናለሁ፤ ኪሎውን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ደግሞ እመዝናለሁ። ከሥራ ወጥቼ ቤቴ ስገባ ጆሮዬ ውስጥ የሚቀረው የራሴ ድምፅ ብቻ ነው። ሌላ የሚያናግረኝ ሰው ስለሌለ ይመስለኛል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው፤ እንዳትስቂብኝ። ጢሜ ሸብቷል። የራሴም ጠጉር ከጆሮዬ በላይ ነጭ ሆኗል። እዚህ ደግሞ ቢሰጥ የሚባል አዲስ ካቦ ተሹሞብናል። ለቀማው ሲያልቅ ሽማግሌ ሽማግሌውን አሰናብቶ ጎልማሳውን ያስቀራል ይባላል። አንቺ የልብስ ቀለምሽን የምትገዢው ከድሬዳዋ በባቡር ከሚመጡት ነጋዴዎች ነው። እነሱ ዘንድ ከዓደን የሚመጣ፣ ለጠጉር የሚሆን ጥቁር ዱቄት አይጠፋም። ጥቂት ግዢልኝና ወደ ደሴ ለሚሄድ ሰው ስጪልኝ። በረዲ በኩል ይደርሰኛል። ረዲ ያገራችን የቃሉ አውራጃ ሰው ነው፤ እዚህ ሱቅ ከፍቷል፤ ደብዳቤዎቼም በእሱ ስም ነው የሚመጡት።

ለዐረፋ ወዳንቺ ስለ መምጣቴ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ ከድሩ


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለም ለከድሩ
ዱብቲ

ቢስሚላህ። አላህ ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ የበረሃውን ንዳድ ያርቅልህ፤ አፈር ሳልለብስ ዓይንህን ያሳየኝ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህርት አሰፋሽ ናት። ክርስቲያን ብትሆንም «ቢስሚላህ ብለሽ ጀምሪ» ብያት ጀምራለች።

አትሳቂ ብለህ ትጽፋለህ፣ ሰው እንዴት አይስቅ? በጀርባዬ አዝዬህ ወንዝ የወረድኩት ልጅ ሸበተ ሲሉኝ ምን ልበል? ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሚዛን የሚያነበው ዓይን ነው እንጂ ጢም አይደለም። ካቦው ነው ጥቁር ጢም የሚፈልገው ወይስ ሌላ ሰው አለ? ካለ ንገረኝ፤ እኔ እህትህ እንጂ ካቦህ አይደለሁም።

ጥቁሩን አልላክሁልህም። ሸኾቻችን ምን ይሉን እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ሽበትን በሂና መንከር ሱና ነው፤ በጥቁር ደብቆ ሰውን ማታለል ግን ይጠላል። ስለዚህ ደህና ሂና ልኬልሃለሁ። በወንፊት ንፋው፤ ለብ ባለ ውኃ ለውሰው፤ ሎሚ ካገኘህ ጠብ አድርግበት። ጢምህን ቀብተህ በጨርቅ ሸፍነውና ሲደርቅ ታጠበው።

የእኔ ሥራ እንደ ወትሮው ነው። የባቡር ሠራተኞች ፀሐይ የበላውን ካኪያቸውን ያመጡልኛል፤ አፍልቼ፣ ነክሬ፣ አዲስ አስመስዬ እመልስላቸዋለሁ። ከል የሚያስነክር ሐዘንተኛም አይጠፋም። ጣቶቼ ጠቁረዋል፣ ጥፍሮቼ ሰማያዊ ሆነዋል። ሰው ቤት ስጠራ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኛል። ይህን ያልኩት እንድትመጣ ለማስጨነቅ አይደለም። ቤቱ ሰፊ ነው ለማለት ነው።

እህትህ ኡምሰልማ


ዱብቲ፣ የካቲት 13 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡምሰልማ

ከአክብሮት ሰላምታ በኋላ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሂናው ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። ግን እትዬ፣ እኔ የጠየቅኩሽን ሳይሆን አንቺ የወደድሽውን ነው የላክሽልኝ።

ጢሜ እንደ ሸክላ ቀላ። ለቃሚዎቹ በማግስቱ «ሸኽ ከድሩ» ብለው ጀመሩኝ። አንዷ አሮጊት ጆንያዋን ስመዝንላት እጄን ሳመችና «ልጄን ወባ ይዞታል፣ ዱዓ አድርግልኝ» አለችኝ። ምን ላድርግ? እጄን ዘርግቼ አደረግሁ። ሌላው አንገቴ ላይ የማስረው ሒርዝ ጻፍልኝ አለኝ። ቢሰጥ ከሩቅ ቆሞ እያየ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ደግሞ አንድ ቀን ጢሙ እንደኔ የቀላ የአፋር ሽማግሌ ከግመሎቹ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። እኩያው መስዬው ነው። «ስንት ልጆች አሉህ?» አለኝ።

«የለኝም» አልኩት።

«ሚስትስ?»

«ሞታለች። ቆየች።»

ተነስቶ ሲሄድ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

እባክሽ ጥቁሩን ላኪልኝ። ስለ ሃይማኖቱ እኔና አላህ እንነጋገራለን። ለዐረፋ አልመጣም፤ መኪናው አስቸጋሪ ነው፣ ቦታዬንም ሌላ ይይዝብኛል። ስለ ምግቤ እንዳታስቢ። ሀምዳ የምትባል የባቲ ሴት እዚህ ምግብ ቤት አላት፤ ከእሷ ዘንድ ነው የምበላው። ሩዟ ጥሩ ነው።

ወንድምሽ ከድሩ


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ መጋቢት 26 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ለከድሩ

አላህ በሄድክበት ሁሉ ይከተልህ። ደብዳቤህን አሰፋሽ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። መጀመሪያ ሳቅን፤ የሽማግሌው ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ሳቃችንን ተውን።

በዚህ ሳምንት ታንጉት የምትባል ልጅ መጣችብኝ። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ አዋሽ አርባ ሳይደርስ ተገለበጠና ሞተ። ከል ልታስነክር ይዛ የመጣችው የሠርጓን ቀሚስ ነው። ነጭ ነው፣ ገና አልታጠበም።

«ልጄ፣ ሌላ ልብስ የለሽም ወይ?» አልኳት።

«አለኝ» አለች። «ይኼን ግን ከዚህ በኋላ ለማን እለብሰዋለሁ?»

ውኃው ሲፈላ ጥቁሩን በተንኩበት፣ ጨው ጨመርኩ፣ ቀሚሱን ሰደድኩት። ነጩ ልብስ ቀለሙን ወዲያው አይጠጣም፤ መጀመሪያ ግራጫ ሆኖ ይንሳፈፋል። እሷ ድስቱ ሥር ቁጭ ብላ እስኪጠቁር አየችው። እኔ በዱላዬ እያማሰልኩ ስለ አንተ አሰብኩ። ይቺ ልጅ በሃያ ዓመቷ ከል ለብሳለች። ወንድሜ ደግሞ በዚህ ዕድሜው ጥቁር ጢም አማረው። ቢያምረውስ ምን አለበት? ሰው የሚያምረው ነገር ማጣት አይደለም ወይ የባሰው?

ስለዚህ ጥቁሩን ልኬልሃለሁ። ነጋዴው ከሂና ጋር ይለወስ ብሏል። ዓይን አካባቢ እንዳይነካ፣ ብዙም እንዳይቆይ ብሏል። እኔ ይህን ዱቄት አላውቀውም። የልብስ ቀለም አውቃለሁ፤ የሰው ቆዳ ልብስ አይደለም። መጀመሪያ ክንድህ ላይ ትንሽ ሞክረው። ይህን ቃል አሰፋሽ ሥሩን እንድታሰምርበት አድርጌያለሁ።

ለዐረፋ አለመምጣትህን ሰማሁ። መቼም ሥራ ነው።

እህትህ ኡምሰልማ


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከድሩ

ሰላም ላንተ ይሁን። ዐረፋ አለፈ፤ ክረምቱም ሊያልቅ ነው። ከአንተ ግን ቃል የለም። ዕቃው ደረሰህ ወይስ መንገድ ላይ ቀረ? ከደሴ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ዱብቲ ማለት ምን እንደሆነ እንኳ የማያውቅ ብዙ ነው። በጌዋኔ በኩል የሚወርድ መኪና ቢገኝ ራሴ በመጣሁ ነበር፤ ሾፌሮቹ ግን በዚያ በረሃ ሴት አናሳፍርም ይላሉ።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ሞልቷል። ተቀይመኸኝም እንደሆነ ተቀይሜያለሁ ብለህ ጻፍ።

እህትህ ኡምሰልማ

ከጸሐፊዋ፦ አቶ ከድሩ፣ ይህን እሳቸው ሳያውቁ ከራሴ ጨምሬ ነው። እህትዎ ደህና ነኝ ይላሉ እንጂ ደህና አይደሉም። ለእርስዎ ብለው የጓሮውን ክፍል ኖራ ቀብተው፣ አልጋ አስገብተው፣ በሩን ዘግተው ከተቀመጡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ተከራይ ሲመጣ «ሰው አለበት» ብለው ይመልሳሉ። ይወቁት ብዬ ነው። አሰፋሽ።


ዱብቲ፣ መስከረም 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለወይዘሮ ኡምሰልማ
አዋሽ ሰባት ኪሎ

አሰላሙ አለይኩም። እኔን አያውቁኝም። ሀምዳ እባላለሁ፤ ዱብቲ ምግብ ቤት አለኝ። ይህን የሚጽፍልኝ ነጋዴው ረዲ ነው። አይደንግጡ፤ ወንድምዎ በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ።

የላኩለት ዕቃ ደሴ ላይ ብዙ ቆይቶ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደረሰው። ክንዱ ላይ አልሞከረውም። ራሱንም ጢሙንም ቀብቶ፣ ይጥቆርልኝ ብሎ ሳይታጠብ ተኛበት። በማግስቱ ለቁርስ ሳይመጣ ቀረ። ከድሩ ቁርስ የሚያስቀር ሰው አይደለም። ሄጄ በሩን ባንኳኳ «ማነው?» አለኝ እንጂ አይከፍትም። ገፍቼ ገባሁ። ፊቱ እንደ ዱባ አብጧል፣ ዓይኖቹ ተደፍነዋል፣ ራሱ ቆስሎ ውኃ ያወርዳል። እኔ መሆኔን ሲያውቅ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«አትይኝ» አለኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አትይኝ፣ ሀምዳ። ውጪ።»

አልወጣሁም። ረዲን ጠርቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ጠጉሩን ላጩት፣ መርፌ ወጉት፣ ቅባት ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ከምግብ ቤቴ ጓሮ አስተኝቼ እያስታመምኩት ነው። ካቦ ቢሰጥ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ረዲ «ሽማግሌ ልታሰናብቱ ነው ሲባል ፈርቶ ነው» ቢለው ሰውየው ግራ ገባው። ባርኔጣውን አውልቆ መላጣውን አሳየን። «እኔስ ምን ቀርቶኛል? ማነው ይህን ያወራው?» አለ። ከድሩ ብርቱካኑን ይዳብስ ጀመር።

የነሐሴው ደብዳቤዎ ደርሶ ረዲ አልጋው አጠገብ ሆኖ አነበበለት። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አነበበለት። ሲጨርስ ከድሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እብጠቱ ጎድሏል። ግራ ዓይኑ ያያል፤ ቀኙ ገና ነው። አላህ ያሽረዋል።

ሀምዳ


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሀምዳ
ዱብቲ

አላህ ያደረግሽውን ሁሉ በጀነት ይክፈልሽ። ማን እንደሆንሽ ባላውቅም ለወንድሜ እናት ሆነሽለታል። አሰፋሽ ደብዳቤሽን ስታነብልኝ ድስቱ እሳት ላይ ነበር፤ የአንድ ሰው ኮት ውስጡ አርሮ ቀረ። ኮቱን እከፍላለሁ። የወንድሜን ዓይን ግን በምን እከፍላለሁ? የላክሁት እኔ ነኝ። አላውቀውም እያልኩ ላክሁት።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። መቆም ሲችል ወደ እኔ ላኪልኝ። እስከ ኮምቦልቻ በመኪና፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ባቡር ላይ የሚያወጣው ሰው ቢገኝ አዋሽ ላይ እኔ እቀበለዋለሁ። እዚህ ሁሉ ነገር አለው። እኔ እበቃዋለሁ። በሰው ቤት ጓሮ ተኝቶ አንቺን አያስቸግርሽ።

ጠጉሩ ሲወጣ በምንም እንዳይነካው ንገሪልኝ።

ኡምሰልማ


ዱብቲ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእናቴም ለእህቴም ለእትዬ ኡምሰልማ

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። መስመሩ ከተጣመመ ከዓይኔ ነውና አሰፋሽ ታግዝሽ። ቀኙ ዓይኔ ጭጋግ ቢጤ አለበት እንጂ ብርሃን ያያል። ሚዛኑን አሁን ሌላ ሰው ያነበዋል፤ ቢሰጥ የመጋዘኑን በር እንድጠብቅ አድርጎኛል። የተጫነ ጥጥ ሲገባ ሲወጣ አያለሁ። ደህና ሥራ ነው።

ለሀምዳ የጻፍሽላት ደብዳቤ ደረሰ። ረዲ ካነበበላት በኋላ ገባችና ሳጥኔን አውጥታ ልብሴን ማጠፍ ጀመረች። ሸሚዞቼን አጥባ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«እህትህ ትጠራሃለች። ሰኞ የረዲ መኪና ኮምቦልቻ ይወጣል።»

«እኔ ልሂድ አልኩ?»

«የሚጠብቅህ ሰው ካለ ሂድ፣ ከድሩ። እኔን የሚጠብቀኝ ሰው ቢኖር እሄድ ነበር።»

እትዬ፣ እዚያ ላይ ነው አፌ የተከፈተው። ያን ዱቄት ለማን ብዬ እንደተቀባሁት ነገርኳት። አንድ ዓመት ሙሉ ሩዟን እየበላሁ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ሳቀችብኝ። ከዚያ ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አሳየችኝ። ነጭ ነው። ከእኔ የባሰ ነጭ ነው። «አንተ ዕድሜህን ስትደብቅ እኔም ጠጉሬን በሻሽ ስደብቅ ሁለታችንም ልንሞት ነበር» አለችኝ።

ኅዳር 20 ቀን በረዲ ቤት ኒካሕ አሰርን። አንቺ ሳትኖሪ መሆኑ ቅር ብሎኛል፤ ግን ረመዳን ሊገባ ነበር፣ እሷም በሰው አፍ መግባት አልፈለገችም።

አሁን የምለምንሽ እኔ ነኝ። ነይልን። ሀምዳ ጓሮ ሦስት ክፍሎች አሏት። እዚህ ጥጥ ሞልቷል፣ ልብሱን የሚያስነክር ሠራተኛ ሞልቷል። አብረን እንኑር። እትዬ፣ ብቻሽን አትሁኚ።

ወንድምሽ ከድሩ


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ጥር 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለከድሩና ለሀምዳ

ዒዱን በጤና ያሳለፋችሁ አላህ ይመስገን። ትዳራችሁን ይባርክላችሁ፤ በመካከላችሁ እዝነትን ያድርግ። ዓይንህ ብርሃን ማየቱ ደስ ብሎኛል።

ለሀምዳ አንድ ነጠላ ነክሬ ልኬያለሁ። መጀመሪያ ቢጫ ውስጥ አሳደርኩት፤ በላዩ ሰማያዊ አለበስኩት፤ የሎሚ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ወጣው። እስኪሳካልኝ ሁለት ጨርቅ አበላሽቻለሁ። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ጥላ ውስጥ አድርቂው።

ወደዚያ መምጣት አልችልም። የባለቤቴ መቃብር እዚህ ነው፤ ደንበኞቼም እዚህ ናቸው። ሰው በዚህ ዕድሜው ድስቱን ተሸክሞ አገር አይቀይርም። ከቻላችሁ እናንተ ለዐረፋ ብቅ በሉ። ካልተቻለም ግድ የለም።

ኡምሰልማ


ዱብቲ፣ የካቲት 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡምሰልማ

ሰላምታችን ብዙ ነው። ነጠላው ደረሰ። ሀምዳ ለብሳው ወጥታ የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ «ከየት ነው?» አላት። «ከባሌ እህት» ብላ መለሰች።

ደብዳቤሽ አጭር ነበረ። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል፤ ብዙ አልጽፍም። ቢሰጥ ፈቃድ ሰጥቶኛል። ለዐረፋ እንመጣለን። ዐረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ከአዲስ አበባ በሚወርደው ባቡር ጠብቂን።

ወንድምሽ ከድሩ


አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ለከድሩ፣ ለእህቴም ለሀምዳ
ዱብቲ

አላህ መንገዳችሁን አቅንቶ በሰላም ያግባችሁ። ይህ ደብዳቤ ከናንተ በኋላ ይደርስ ይሆናል፤ ወይም እናንተ ገና ኮምቦልቻ መኪና እየጠበቃችሁ ይሆናል። ስትገቡ ወዲያው ጻፉልኝ። አሰፋሽ እጇ ላይ ቀለም አፍስሳ እየሳቀች ነው፤ «አሁን እኔም አንቺን መሰልኩ» ትላለች።

ጣቢያው ላይ የሆነውን ነገር ፊት ለፊት ልነግራችሁ አፍሬ ነበር፤ በደብዳቤ ይቀለኛል። የመጣችሁ ዕለት ባቡሩ ሲቆም ከፊት ጀምሬ ፉርጎ ለፉርጎ ሄድኩ። አንተን ነበር የምፈልገው፤ እኔ የማውቀውን፣ ጢሙ እንደ ከሰል ጠቁሮ ከዚሁ ጣቢያ የሸኘሁትን። አንድ ጢሙ የነጣ ሽማግሌ ሳጥን ይዞ ቆሟል። «አባቴ፣ ትንሽ ያሳልፉኝ» ብዬ አለፍኩት። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ «ኡሜ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናታችን ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም። ዞሬ ሳይ አንተ ነህ። ያለቀስኩት በደስታ መስሏችሁ ነበር። ደስታም ነበረበት። ግን አባቴ ብዬ ያለፍኩት ወንድሜን ነው፤ ይህን ያህል ዓመት እንዴት ነው ያለፈው ብዬ ነው። አንተም እኔን ስታይ ምን እንዳየህ አልነገርከኝም። አላህ ይስጥህ።

ሀምዳ፣ አንቺ የመጣሽ ዕለት ቅናት ይዞኝ ነበር። ይህን አሰፋሽ አልጽፍም ብላኝ፣ ጻፊ ብያት ነው። ወንድሜን ወሰድሽብኝ ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን ሳልጠራሽ መጥተሽ ዱላውን ከእጄ ተቀብለሽ ድስቱን ማማሰል ጀመርሽ። እጅሽ እንደኔ ጠቆረ። «ይኼ አይለቅም እኮ» ስልሽ «ታዲያ ወዴት ልሄድበት ነው?» አልሽኝ። እዚያች ላይ ቅናቴ ተወኝ። ለከድሩ ያዘጋጀሁትን የጓሮ ክፍልም አስቀድመሽ ታውቂ እንደነበር ነገርሽኝ፤ ማን እንደነገራችሁም ነገርሽኝ። አሰፋሽን ሁለት ቀን አኮረፍኳት። አሁን ታርቀናል።

ከድሩ፣ ዛሬም እንደ ድሮው ነው የምታንኮራፋው። በግድግዳው በኩል እየሰማሁህ ነበር የምተኛው። ሰው ቤት ውስጥ ሰው ሲተነፍስ መስማት ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር።

እናንተን የወሰደው ባቡር ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሎሚና ሐብሐብ ከሚሸጡት ሴቶች ጋር ብዙ ተቀመጥኩ። «እናት፣ የሚመጣ እንግዳ አለሽ?» አሉኝ። «የለም» ብያቸው ተነሳሁ።

ዛሬ ለሱብሒ ሶላት ስነሳ፣ እናንተ ሳላችሁ አደርግ እንደነበረው፣ የምትታጠብበትን የውዱእ ውኃህን በማንቆርቆሪያው ቀድቼ፣ ቅዝቃዜውን ትንሽ ሰብሬ፣ የክፍሉ በር ሥር አስቀመጥኩልህ። «ከድሩ፣ ጊዜው ደርሷል» ብዬም ተጣራሁ። መልስ ሲጠፋ ነው መሄዳችሁ ትዝ ያለኝ። ውኃውን ልደፋው አንስቼ እጄ እምቢ አለኝ። እዚያው በርህ ሥር ተቀምጬ፣ እኔው ውዱእ አደረግሁበት።

እህትህ ኡምሰልማ